አዳዳ ዙሀይራ በመስታወት ሣጥን

ስቶክሆልም፣ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2025

ለተከበሩ አያቴ ለአካኮ ሙህዲን፣
ሮቤ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። የአክብሮት ሰላምታዬን ከዚህ ከበረዶ አገር አቀርባለሁ። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልን፣ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ጥላዎን ከላያችን አያንሳብን። እኔም፣ ባለቤቴ ፈይሩዝም፣ ልጃችንም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

የእህትዎን፣ ቤተሰቡ በሙሉ አዳዳ እያልን የምንጠራቸውን የዙሀይራን ወደ አኼራ መሄድ የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ሳልጽፍ የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው። አላህ ጀነተልፊርደውስን ይወፍቃቸው።

አካኮ፣ የማኅበራችን ሊቀ መንበር ሆኜ መመረጤን ሳይሰሙ አይቀሩም። በእኔ ሐሳብ አቅራቢነት ሜይ 31 ለአዳዳ ዙሀይራ ታላቅ የመታሰቢያ ምሽት እናዘጋጃለን። ርዕሱ «ዓለምን የዞሩ የጥበብ፣ የጌጣጌጥና የወዳጅነት እናት» ይላል። ከእርስዎ የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ጥሩ ፎቶግራፍና አጠር ያለ፣ ለመድረክ የሚመጥን የሕይወት ታሪክ።

ምርቃትዎ አይለየኝ።

የልጅ ልጅዎ ወዚር


ሮቤ፣ የካቲት 30 ቀን 2017

ለልጅ ልጄ ለሊቀ መንበር ወዚር፣

ወአለይኩሙ ሰላም። አካም ጅርታ? ፈይሩዝስ፣ ልጅቷስ? አላህ ሊቀ መንበርነትህን ያጽናልህ፣ ወንበሩንም እግሩ የማይነቃነቅ ያድርግልህ። እኔ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሏል፤ ምላሴ ግን ገና አንድ አሥር ዓመት ያገለግላል።

ስልክ ስንደዋወል «ይቆራረጣል» ብለህ የምታመልጥበት በር ስላለህ በወረቀት ጽፌልሃለሁ። ግቢዬ የተከራየችው የዩኒቨርሲቲ መምህርት ጸሎት ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። የጎንደር ልጅ ናት። እሷ በእጅ ጽሑፌ ትስቃለች፣ እኔ በአማርኛዋ ፍጥነት እስቃለሁ፤ ተቻችለናል።

የሕይወት ታሪክ ላልከው ይኸው። ዙሀይራ ጎባ ላይ የጨርቅ ሱቅ ነበራት። ስምንት ወር ትሸጣለች፣ አራት ወር ዘግታ ትጠፋለች። ሐረር ሄደች፣ ጅቡቲ ሄደች፣ ጂዳ፣ ዛንዚባር፣ ኢስታንቡል ሄደች። ሰው አገር ዞሮ ሲመለስ ምንጣፍ ይዞ ይመጣል፣ ቢያንስ ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል። እሷ የምትመጣው ፌስታል ሙሉ ዶቃና የተጣመመ ብር ይዛ ነው። «ይህን አንባር የባሕር ጠረፍ ሴቶች ናቸው የሚያደርጉት» ትለኛለች። «ታዲያ ምን አይተውበት አወለቁት?» እላታለሁ። ለሦስት ቀን ታኮርፈኛለች። ይህ ነው ጌጣጌጡ።

ጥበብ ላልከውም፣ ሥዕል ትሥል ነበር። የጎባውን ቤቷን ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ሞልታዋለች። የሳነቴን ተራራ ሐምራዊ አድርጋዋለች፤ እኔ ሰማኒያ ዓመት አይቼዋለሁ፣ አንድ ቀን ሐምራዊ ሆኖ አያውቅም። እኔንም ሥላኛለች፣ ጭንቅላቴን ከትከሻዬ አሳንሳ። «ምነው?» ብላት «ያየሁትን ነው» አለችኝ።

ወዳጅነቷም ለሰው ነው እንጂ ለወንድም አይደለም። ጓደኛዋ አሞኛል ካለች ደንበኛ ጨርቅ እያስለካ ጥላው ትሮጣለች። እኔ ወገቤን ታምሜ አልጋ ስይዝ ፌጦ ላከችልኝ፣ በሰው እጅ።

ያላማችው ሰው አንተ ብቻ ነህ። በ2011 ጥር እዚያ መጥታ ስትመለስ አንድ ወር ሙሉ አፏ አልተዘጋም። ከባቡር ጣቢያ ሻንጣዋን ተሸክመህ ቤትህ እንደወሰድካት፣ የምስር ሾርባ እንደሠራህላት፣ በረዶው እንዳያንሸራትታት ክንዷን ይዘህ የሥዕል ቤት እንዳዞርካት። እኔም ለሮቤ ገበያ አንድ ሰው ሳላስቀር አውርቼዋለሁ። ይህንንም በታሪኳ ውስጥ ጻፈው፤ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው።

ፎቶውን ጸሎት ትልክልሃለች። እየሳቀች ነው፤ ዝም ያለችበትን ብፈልግ አጣሁ።

አያትህ ሙህዲን


ስቶክሆልም፣ ማርች 12 ቀን 2025

ለተከበሩ አካኮ፣

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ቤትዎን በበረካ ይሙላው፣ ጉልበትዎንም ያበርታው። ደብዳቤዎ ደርሶኝ በጣም ተደስቻለሁ።

በታሪኩ ውስጥ ለመድረክ የማይመጥኑ ጥቂት ቀልዶች ስላሉ አስተካክዬዋለሁ። ፎቶውን ግን ባለሙያ አይቶት አይሆንም ብሏል፤ አፋቸው በጣም የተከፈተ ነው፣ ከኋላም በግ ይታያል። ስለ 2011 ጉብኝታቸው የጻፉትን አንብቤያለሁ።

አሁን አንድ ትልቅ ዕድል ተገኝቷል። አዳራሹ ባለ መብራት የመስታወት ሣጥን ሊያውሰን ፈቅዷል። የቅርስ ሰዎችም ይጋበዛሉ። ስለዚህ የአዳዳ ዙሀይራን ጌጦች በሙሉ ቢልኩልኝ ምሽቱ ሙሉ ይሆናል። ድሪውን፣ አንባሮቹን፣ ቢጫውን ዶቃ፣ ሁሉንም። እዚያ አቧራ ከሚጠጡ እዚህ ሰው ይያቸው።

መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።

የልጅ ልጅዎ ወዚር


ሮቤ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017

ለወዚር፣

ወአለይኩሙ ሰላም። አላህ ጥያቄህን እንደ ጋና፣ እንደ በልጋችን ዝናብ አያብዛው፤ የዘንድሮው ዝናብ እንኳ ካንተ ይልቅ ቁጥብ ነው። ወር ሙሉ ዝም ያልኩት ለክፋት አይደለም። ያንተን ጌጥ ፍለጋ ስሄድ ፊቴን አስመትቼ ስለተመለስኩ ቁስሉ እስኪደርቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዙሀይራ ልትሞት ስትል «ሣጥኑን ለሙህዲን ስጡት» ብላ ነበር። እኔም ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ሣጥኑን ከፈትኩት። አንድ መርፌና የሻገተ ሎሚ። ሌላ የለም። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ተዘርፋለች አልኩ። የሚዘርፋት ማን ነው? በሞተችበት ሳምንት ከአልጋዋ ሥር ያልጠፋችው አባይነሽ ናት። ጡረታ የወጣች የጎባ አስተማሪ ናት፣ የአርባ ዓመት ጓደኛዋ። ጎረቤቴን መሀመድአወልን አስከትዬ፣ ከዘራዬን ይዤ ጎባ ሄድኩ።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት።

«ጋሽ ሙህዲን፣ ምን እግር ጣልዎት? ለለቅሶ ነው ለፍተሻ?»

«የእህቴ ሣጥን ባዶ ነው» አልኳት።

«መቼ ሞልቶ ያውቃል?»

እጇን ሳይ የዙሀይራ የብር አንባር አለ። መሀመድአወል ከኋላዬ ጎሮሮውን ጠረገ። «ይኸው፣ በእጇ» አልኩ፣ ሌባ እንደያዘ ዘበኛ።

«አዎ፣ የዘንድሮ ተራዬ ነው» አለችኝ። «ተራ ምን እንደሆነ የማያውቁ እርስዎ ብቻ ነዎት። በዓመት አንድ ቀን ቤቷ ስንሰበሰብ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ‹ደግሞ እነዚህ ወሬኞች መጡ› ይሉ የለም?»

ልክ ናት። እል ነበር።

ለካ ከዙሀይራ ሌላ ሰባት ሴቶች ናቸው። የአረፋ በዓል ባለፈ ቅዳሜ ዙሀይራ ቤት ይሰበሰቡና እያንዳንዷ ዓመቱን ያደረገችውን አውልቃ ለቀጣይዋ ታስራለች። የሰው ገላ ያልነካው ብር ይጠቁራል ትል ነበር አሉ። ድሪው ዘንድሮ ጎሮ ነው፣ ቅቤ የምትነግደው ጁሀራ አንገት ላይ። ቢጫው ዶቃ እዚሁ ሮቤ ነው፣ ልብስ ሰፊዋ ሰቢሪና ጋ። ዙሀይራ ራሷ የምታደርገው በተራዋ የደረሳትን ብቻ ነበር። አባይነሽ ለማስረጃ ደብተር አወጣች። ጌጡ ሁሉ ተሥሏል፣ ግን ብቻውን አይደለም፤ የዚያን ዓመት ያደረገችው ሴት አንገት ላይ፣ እጅ ላይ፣ ጆሮ ላይ ሆኖ። ሥሩ ላይ ስምና ዓመት አለ። አርባ ዓመት ሙሉ። ጁሀራ ስታገባ አለች፣ ሰቢሪና ባሏን ቀብራ አለች። ጭንቅላታቸው ሁሉ በልኩ ነው። እኔን ብቻ ነው ያሳነሰችው።

መሀመድአወል ስንመለስ በመንገድ «ሽምግልና ጠርተኸኝ ስርቆት ላይ ዋልኩ» አለኝ። «ሌባው ማን ነበር?» ብለው «የሰው ስም ሌባ» ብሎ በከዘራዬ አመለከተኝ።

ሸኹንም ጠየቅኳቸው። «ልጅ የላትም፣ ወራሿ አንተ ነህ፤ ለሴቶቹ በቃል የሰጠችውን ብታጸድቅ መልካም፣ አላጸድቅም ብትል መብትህ ነው» አሉኝ። እንግዲህ ካልኩ ከሰባት ሴት ገላ ላይ አስወልቄ መላክ እችላለሁ። ሣጥኑ ግን ደርሶኛል። ሽንኩርት አኑሬበታለሁ።

አያትህ ሙህዲን


ስቶክሆልም፣ ኤፕሪል 11 ቀን 2025

ለተከበሩ አካኮ፣

አሰላሙ አለይኩም። ለጤናዎ ዘወትር ዱዓ አደርጋለሁ።

በጻፉት ተገርሜያለሁ፣ ደስም ብሎኛል፤ ወራሹ እርስዎ ከሆኑ ጉዳዩ ቀላል ነው። ለሴቶቹ አክብሮት አለኝ። ነገር ግን የዛንዚባር ብር በቅቤ ነጋዴ አንገት ላይ ገበያ ለገበያ ሲንከራተት ቅርስ ይባላል? ነገ አንዷ ብትሸጠውስ? ቅርስ የሚጠበቀው በመስታወት ውስጥ ነው።

ደግሞም ማስታወቂያው ታትሟል። ጌጦቹ እንደሚታዩ ለሰው ሁሉ ተነግሯል። ባዶ ሣጥን ፊት ቆሜ መናገር አልችልም፤ ስሜ ይጠፋል። ጓደኛዬ ፍቅረየሱስ ለፋሲካ እናቱን ለመጠየቅ ጎባ ይመጣል። ሜይ 14 ይመለሳል። እባክዎን ለእሱ ይስጡልኝ።

የማስታወቂያውን ጽሑፍ አያይዤ ልኬያለሁ። እርስዎ እንዳሉኝ አዳዳ ዙሀይራ ቤታችን በእንግድነት ያሳለፏቸውን የማይረሱ ቀናትም ጠቅሻለሁ።

የልጅ ልጅዎ ወዚር


ሮቤ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017

ለወዚር፣

ወአለይኩሙ ሰላም። አላህ ምሽትህን ያሳምርልህ፣ መብራቱም አይጥፋብህ።

ለፍቅረየሱስ አንድ ጥቅል ሰጥቼዋለሁ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ሳይፈታ ይዞ ሄደ። ሁሉም ዙሀይራ ሐረር ላይ በራሷ እጅ መርጣ የገዛቻቸው ናቸው። በራሷ እጅ ነው ያሰረቻቸው፣ በጣም የምትወደው አንገት ላይ። የናሱን ሰሌዳ መሃል አድርገው፣ ለደረት ነው። ቀይ ክሩን አትጠበው፤ ሽታው የዕድሜ ነው።

ስለ ሴቶቹ አትጨነቅ። አንዳቸውም አላለቀሱም።

አያትህ ሙህዲን


ስቶክሆልም፣ ጁን 19 ቀን 2025

አካኮ፣

አሰላሙ አለይኩም።

ከምሽቱ በኋላ ሦስት ሳምንት ወረቀት አልነካሁም። መቶ ሠላሳ ሰው መጥቶ ነበር። የናሱን ሰሌዳ መሃል አደረግሁት፣ መብራቱን አበራሁበት። «የሙሽራ የደረት ጌጥ፣ ሐረር» ብዬ በሦስት ቋንቋ ጻፍኩበት። ግማሽ ሰዓት ንግግር አድርጌ ተጨበጨበልኝ። ከዚያ አንድ ከዶዶላ የመጡ ሽማግሌ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ። ቃጭሉን አዩ፣ ቀዩን ክር አዩ፣ እኔን አዩ።

«ልጄ፣ ይህቺ ሙሽራ ገብስ ነው የምትበላው ሣር?» አሉኝ።

እሳቸው ወለሉ ላይ ተቀምጠው ሳቁ። የሰሙት ሳቁ። ፈይሩዝም ሳቀች፤ ባለቤቴ። የባሌ ልጅ ሆኜ፣ ሃያ ዓመት ሮቤ ኖሬ የፈረስ ጌጥ አላወቅሁም። ይህንን ደብዳቤ የጀመርኩት ልወቅስዎት ነበር። በዚህ ዕድሜዎ የልጅ ልጅዎን በሰው ፊት ማዋረድ ምን ይባላል?

ግን ሌሊቱን ሳስበው ገባኝ። አዳዳ ነግራዎታለች ማለት ነው። ያንን የሾርባ ነገር የጻፉልኝ ሊያስለፈልፉኝ ነበር፤ እኔም ዝም ስል፣ ጭራሽ ማስታወቂያ ላይ ሳወጣው፣ ይህንን ላኩልኝ።

እሺ። ስትመጣ ደውላልኝ ነበር። ሥራ ሌላ ከተማ ልኮኛል፣ የለሁም አልኳት። ነበርኩ። ጣቢያው ድረስም ሄጄ ነበር፣ ከላይኛው ፎቅ በመስታወት አየኋት። ሻንጣዋን እግሯ መሃል አድርጋ ተቀምጣለች። ቢጫው ዶቃ እስከ ሆዷ፣ ብሩ እስከ ክርኗ። የሚያልፈው ሁሉ ዞር ብሎ ያያታል። አንዱ ፎቶ አነሳት። የሥራ ባልደረቦቼ በዚያ በር ነው የሚገቡት፤ ከእሷ ጋር ሲያዩኝ ታየኝ። አፈርኩባት፣ አካኮ። በነዚያ ጌጦች ነው ያፈርኩት። ተመልሼ ሄድኩ።

የት እንደነበረች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወዚር


ሮቤ፣ ሰኔ 30 ቀን 2017

ወዚር፣

ወአለይኩሙ ሰላም። ዛሬ ምርቃት አጥሮብኛል፤ ከተረፈኝ መጨረሻ ላይ አያለሁ።

አልነገረችኝም።

አንድ ቃል አልነገረችኝም። የጻፍኩልህን ሁሉ እሷ እንዳለችው ነው የጻፍኩት፤ አምኜ፣ በልጅ ልጄ ኮርቼ። የፈረስ ጌጥ የላክሁልህ ከሰባት ሴት አንገት ላይ አውልቅ ስላልከኝ ብቻ ነው። ልቀልድብህ ነበር። አንተ ራስህ ነህ ከቀልዱ ሥር ገብተህ ይህንን ቆፍረህ ያወጣኸው። አላህ ያሳይህ፣ እኔ ሳቅ ፈልጌ አንተ ይህንን ጫንክብኝ።

ደብዳቤህን ጸሎት ናት ያነበበችልኝ፣ ዓይኔ ስለደከመ። መጨረሻው ላይ አማርኛዋ እንደ እኔ ጉልበት ቀስ አለ። ጎንደሬ ሲንቀራፈፍ ስንት ጊዜ አይተሃል?

ሴቶቹ ሰኔ ሰባት ተሰብስበው ነበር። እኔም ሄጄ፣ ሸኹ ባሉት መሠረት የሰጠችው ይጽና ብዬ በምስክር ፊት አጸደቅሁ። የዙሀይራ ተራ ባዶ እንዳይቀር ብለው የብር ቀለበት አጠለቁልኝ። ገበያው ሁሉ እየሳቀብኝ ነው። የዚያን ቀን ጁሀራ እጇን ዘርግታ መረቀችህ። «ያን ሾርባ ሠርቶ ያበላ ልጅ፣ አላህ አያስርበው» አለች። ደብዳቤህ ገና አልደረሰኝም ነበርና እኔ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ አሚን አልኩ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ በኋላ እንደገና አባይነሽ ጋ ሄድኩ። ደብተሩን አሳዪኝ አልኳት። 2011ን ገለጠች። ጥር ላይ የማላውቃት ሴት ተሥላለች። ፀጉሯ በሻሽ ተጠቅልሏል፣ በአንድ እጇ የወለል መጥረጊያ ይዛለች፣ በሌላው እጇ ላይ ትንሽ አንባር አለ። ሥሩ ላይ በዙሀይራ ፊደል «ሽሪን። ባቡር ጣቢያ የምትጠርግ። ሦስት ቀን ቤቷ» ይላል። አጠገቡ የሾርባ ሳህን ተሥሏል።

ገባህ? ሾርባውም እውነት ነው። ሻንጣው፣ ክንዱ፣ በረዶው፣ የሥዕል ቤቱ፣ ሁሉም እውነት ነው። ስሙን ብቻ ነው የለወጠችው። ያቺን ሴት ከነሥራዋ ወስዳ አንተን አለበሰችህ፤ እኔ እንዳላፍር ይሁን አንተ እንዳታፍር አላውቅም። አንተ በመስታወት ስታያት ቀና ብላ አይታህም እንደሆነ አላውቅም። እሷ የሰው ፊት ቶሎ ትይዝ ነበር።

አባይነሽ «ያቺ አንባር ከዚያ አልተመለሰችም። ጠፋች ነበር ያለችን» አለችኝ። ቀጥላ «ይህቺ ማናት?» አለች።

«የወዚር ጎረቤት ትሆናለች» አልኳት።

ሠላሳ ዓመት ያስተማረች ሴት ናት፤ የሚዋሽ ተማሪ ታውቃለች። ትንሽ አየችኝና ደብተሩን ዘጋችው። እኔም ለጁሀራ አልነግራትም፣ ለሰቢሪናም አልነግርም። ገበያውም በሾርባህ እንዳመነ ይኑር። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። ውሸቱ የእህቴ ነው፣ ስድስት ዓመት ተሸክማዋለች፤ ወራሿ እኔ ነኝ ካሉኝ ይህንንም ልሸከም።

አንተ የዙሀይራ ጌጥ ከተማዬ ይምጣ እያልክ ሁለት ወር ለመንከኝ። ከተማህ ውስጥ አንድ አለ። ወለል የምትጠርግ ሴት እጅ ላይ ነው። ሄደህ ሰላም በላት፤ እንዲያው አውልቂልኝ እንዳትላት።

የመስታወት ሣጥኑን ግን አሁኑኑ ክፈትና የፈረሴን ዕቃ በፍቅረየሱስ መልስልኝ። ዳማ ገና በሕይወት አለ፤ ጋሪ እየጎተተ ራቁቱን ገበያ ይወጣል። ያንን ቃጭል ሐረር ላይ የገዛችለት ዙሀይራ ናት፣ እኔ እየተሳደብኩ። ከየአገሩ ስትመለስ ሮቤ መናኸሪያ በር ላይ ያንን አድርጎ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ፣ በረዶ ወርዶበት፣ ሰው ሁሉ ሸሽቶ፣ እኔ ሻይ ቤት ተጠልዬ ሳለ እሱ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ስትወርድ አንገቱን ታቅፋ ከነጭቃው ትስመዋለች፤ ሰው ያየኛል አትልም።

ጌጡ የሱ ነው። መልስለት።

አያትህ ሙህዲን